ለአራስ ልጅ ልብስ ስንት ቁጥር ይገዛ? 50፣ 56 ወይስ "0–3 ወር"?

በኩር_ጠባቂ

ሰላም ለሁላችሁ። 36ኛ ሳምንት ላይ ነኝ። የልጁን ሻንጣ ላዘጋጅ ብዬ በስጦታ የመጣውንም የተገዛውንም አልጋ ላይ ብዘረጋው ቁጥሩ ግራ አጋባኝ። አንዱ ላይ 56 ይላል፣ አንዱ ላይ "0–3 ወር"፣ አንዱ ላይ "ኤንቢ"፣ ሌላው ላይ "3ኤም"፣ ሁለቱ ላይ ደግሞ 59 ተጽፏል። ይባስ ብሎ 56 የሚለው ቱታ "0–3 ወር" ከሚለው ይበልጣል፤ ጎን ለጎን አድርጌ አይቼዋለሁ።

ወንድ ነው። በመጨረሻው አልትራሳውንድ ክብደቱ 2.7 ኪሎ ገደማ ተገምቷል። ቁጥሮቹ ምን ማለት ናቸው? ሲወለድ የሚሆነው የትኛው ነው? ከየቁጥሩስ ስንት ስንት ልያዝ? የማማክረው ሰው ሁሉ "ልጅ ቶሎ ያድጋል፣ ትልቅ ትልቁን ግዢ" ነው የሚለኝ። ግን ልብስ ውስጥ ጠፍቶ የሚታይ ልጅ ይዤ መውጣትም አልፈልግም፤ አንድ ሳምንት ለብሶት የሚጠበው ልብስ መከመርም እንደዚሁ።

ልኬት_በሴንቲ

በሰላም ያገላግልሽ። ሌብሉ ላይ ያለውን ወር ለጊዜው እርሺው። ወሩ የአምራቹ ግምት ነው። በአንድ ቀን ከተወለዱ ሁለት ልጆች አንዱ 2.6 ኪሎ፣ ሌላው 4 ኪሎ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በወር "0" ናቸው፣ አንድ ልብስ ግን አይሆናቸውም። የአራስ ልጅ ልብስ በቁመት ይመረጣል፣ በክብደት ይረጋገጣል።

አልጋሽ ላይ ያሉትን ተራ በተራ እንያቸው።

56 የአውሮፓ ቁጥር ነው። የሚናገረው ስለ ልጁ ቁመት ነው እንጂ ስለ ልብሱ ርዝመት አይደለም። 50፣ 56፣ 62፣ 68 እያለ በየ6 ሴንቲ ሜትሩ ይሄዳል፤ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ ጣሪያው ነው። 56 ማለት ቁመቱ 50ን አልፎ እስከ 56 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ልጅ ማለት ነው። 57 ሲደርስ 62 ይለብሳል።

59 የቻይና ቁጥር ነው። እሱም ቁመት ነው፤ 52፣ 59፣ 66፣ 73 እያለ በ7 ይዘላል። ስለዚህ 59 የሚለው በአውሮፓው 56 እና 62 መሐል ይወድቃል። ለመጀመሪያው ቀን አታስቢው።

"ኤንቢ" የአሜሪካ ነው፣ ኒውቦርን የሚለው ሲያጥር። ብዙ ጊዜ ከ2.3 እስከ 3.6 ኪሎ፣ ቁመቱም እስከ 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ ልጅ ነው የሚሰፋው። የእንግሊዝ ልብስ ላይ በሙሉው "ኒውቦርን" ተብሎ ሲጻፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 4.5 ኪሎ ይሄዳል። አንድ ስም፣ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ልዩነት።

"3ኤም" ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "ከ3 ወር ጀምሮ" ይመስላል፤ ግን ነጠላ ቁጥር ሲጻፍ የሚያሳየው መጨረሻውን ነው። የአሜሪካ "3ኤም" ከ0–3 ወር ጋር አንድ ነው፣ "6ኤም" ደግሞ ከ3–6 ወር ጋር። "ሦስት ወር ሲሞላው" ተብሎ ቁምሳጥን የገባ 3ኤም በሚወጣበት ቀን ጠቦ ይገኛል። አሁኑኑ ከቅርብ ጊዜዎቹ ጋር አድርጊው። የፈረንሳይ ልብስ ካጋጠመሽም እንደዚሁ ነው፤ 1 ወር የሚለው ከ54፣ 3 ወር የሚለው ከ60፣ 6 ወር የሚለው ከ67 ሴንቲ ሜትር ጋር ይሄዳል።

"0–3 ወር" ብቻውን ያለ ሴንቲ ሜትር ሲጻፍ ምንም አይነግርሽም። አንዱ ፋብሪካ 56 ላይ ያቆመዋል፣ ሌላው 62 ላይ። የአንቺ 56 ከ"0–3" የበለጠው በዚህ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በስጦታ የመጣው ከዚህ በፊት ታጥቦ ተሰብስቦ ይሆናል። ሌብሉ ከውስጥ በጎን ስፌቱ ላይም ሊኖር ስለሚችል ገልብጠሽ እዪ፤ አንገቱ ላይ ወር ብቻ ያለው ልብስ እዚያ ሴንቲ ሜትሩና ኪሎው ይገኝበታል። በፓውንድ ከሆነ በ2.2 አካፍዪ፣ በኢንች ከሆነ በ2.54 አባዢ።

አሁን ወደ ልጁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ባወጣው የዕድገት ሰንጠረዥ መሠረት መካከለኛ ወንድ ልጅ ሲወለድ 3.3 ኪሎና 49.9 ሴንቲ ሜትር ነው። በ1 ወሩ 4.5 ኪሎና 54.7፣ በ2 ወሩ 5.6 ኪሎና 58.4፣ በ3 ወሩ 6.4 ኪሎና 61.4 ይደርሳል። ሴት ልጅ በትንሹ ዝቅ ትላለች፤ 3.2 ኪሎና 49.1 ትጀምርና በ3 ወሯ 5.8 ኪሎና 59.8 ላይ ትሆናለች። ይህንን ከቁጥሮቹ ጋር ስታጋጥሚው 50 ለመካከለኛ ልጅ ገና ሲወለድ ጣሪያው ላይ ነው ያለው፤ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ስለሚሰፋ ጥቂት ሳምንት ይቆያል። 56 እስከ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ሳምንት ይወስደዋል፣ ሴት ከሆነች ትንሽ ይረዝማል። 62 እስከ ሦስት ወር ይሄዳል።

ያንቺ 2.7 ኪሎ በ36 ሳምንት ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ፅንስ በሳምንት 200 ግራም ገደማ ይጨምራል፤ በጊዜው ከመጣ 3.3 እና 3.5 መሐል ልትጠብቂ ትችያለሽ። የአልትራሳውንድ ግምት ግን 10 በመቶና ከዚያም በላይ ወዲህም ወዲያም ሊስት ስለሚችል በአንድ ቁጥር ላይ ሙሉ ገንዘብሽን አታፍስሺ።

እኔ የምይዘው እንዲህ ነው፦ 50 ላይ ሦስት ሙሉ ቱታና ሦስት ቦዲ (እግር የሌለው፣ ከሥር ዳይፐሩ ላይ የሚቆለፍ የውስጥ ልብስ)፣ 56 ላይ ስድስት ወይም ሰባት ቱታና ያህሉኑ ቦዲ፣ 62 ላይ ሁለት ሁለት ብቻ። ቀሪውን ልጁ ከተለካ በኋላ። ከ50ዎቹ ሁለቱን ብቻ አጥበሽ ሌላውን ከነሌብሉ አስቀምጪ፤ ልጁ 54 ሆኖ ከመጣ ይቀየራል ወይም ለሌላ ይሰጣል። ከፊት ያለ ሁሉም ወቅት የራሱ ልብስ እንዳለውም አትርሺ፤ 68 ቁጥር ወፍራም ሹራብ ቆንጆ ስለሆነ ብቻ አይገዛም፤ ልጁ 68 በሚሆንበት ወር ሙቀት ይሁን ብርድ መጀመሪያ ቁጠሪ።

ነርስ_ጨቅላ_ክፍል

ስለ ቁጥሮቹ የተጻፈው ትክክል ነው። "ትልቅ ትልቁን" በሚለው ላይ ግን አንድ መስመር ማስመር አለብኝ፤ ለላይ ሹራብና ለጃኬት ይሠራል፣ ለሚተኛበት ልብስ አይሠራም። አራስ ልጅ ፊቱ ላይ የወጣበትን ጨርቅ በእጁ ገፍቶ ማንሳት አይችልም። አንገቱ የሰፋ ቱታ ልጁ በእግሩ በረገጠ ቁጥር ወደ ላይ ይሳባል፤ መጀመሪያ አገጩን፣ ቀጥሎ አፉን ያለብሰዋል።

ሲለብስ የምታዪውን ከላይ ወደ ታች ልንገርሽ። ቁልፉ ተዘግቶ በአንገቱና በልብሱ መሐል አንድ ጣት ያለ ግፊት መግባት አለበት፤ ሁለት ቢገባም ጥሩ ነው፤ ከዚያ ካለፈና ጠርዙ አገጩን መሻገር ከቻለ ትልቅ ነው። የትከሻው ስፌት ትከሻው ጫፍ ላይ ይቀመጥ፤ ወደ ክንዱ ወርዶ ከተንጠለጠለ አሁንም ትልቅ ነው። እጅጌ አንድ ጊዜ ታጥፎ አንጓው ላይ ቢያርፍ ችግር የለውም። እግሩ ዝግ በሆነ ቱታ ጉልበቱን በቀስታ ዘርጊና በትልቁ ጣቱና በጨርቁ ጫፍ መሐል 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መኖሩን በጣትሽ ዳስሺ። ጣቶቹ ከታጠፉ ልብሱ የትኛውም ቁጥር ይሁን አልቋል። ቦዲ ከሆነ ከሥር ስትቆልፊው ትከሻው ወደ ታች ከተጎተተ አጥሯል። ስታወልቂው ደግሞ ጭኑንና አንጓውን እዪ፤ ላስቲኩ ያሳረፈው ቀይ መስመር ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ካልጠፋ ጠቦታል።

ብዙ እናቶችን የሚያሳስት ነገር አለ። አራስ ልጅ በማኅፀን እንደነበረው እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ይተኛል። 50 ሴንቲ ሜትር የተባለው ግን ተዘርግቶ ሲለካ ነው። ስለዚህ ትክክለኛ ቁጥር ለብሶም የቱታው እግር ባዶ ሆኖ ይንጠለጠላል። እግሩን አይታችሁ "ሰፋው" አትበሉ፤ የሚፈርደው አንገቱና ትከሻው ነው። በዚያ ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ከተወለደበት ክብደት ከ7 እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ 3.3 ሆኖ የመጣው ወደ 3 ኪሎ ይወርዳል ማለት ነው። አብዛኞቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሱታል። በዚህ መሐል "አልሆነውም" ተብሎ አነስ ያለ ልብስ ለመግዛት የሚሮጥ ሰው ልጁ ክብደቱን ሲመልስ ልብሱን ከነሌብሉ ታቅፎ ይቀራል።

እትብቱ እስኪወድቅ ድረስ፣ ያም ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ነው፣ ከፊት ተደራርቦ በጎን የሚቆለፈው ዓይነት ቦዲ ይመረጣል። በራስ አይወርድም፣ እትብቱንም አያሽም። ሱሪ ካለሽ ላስቲኩ እትብቱ ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቂ፤ ዳይፐሩንም ከእትብቱ በታች አጥፈሽ እሰሪው።

ቁጠባ_ይሻላል

እኔ 50 ጭራሽ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ሁለት ሳምንት ለማይሞላ ልብስ ገንዘብ ማውጣት ነው። 56 ይልበስ፣ እጅጌው ይታጠፍ፣ አለቀ። ከ3.5 ኪሎ በላይ ሆኖ ለሚወለድ ልጅማ 50 ከሻንጣው ላይወጣም ይችላል።

ነርስ_ጨቅላ_ክፍል

ለ3.5 ኪሎው እስማማለሁ። ሰንጠረዡን ስታየው ግን በጤናማና በጊዜው በተወለዱ ወንዶች መሐል ከ46 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ እስከ 53 ድረስ አለ። 47 ሆኖ ለመጣ ልጅ 56 ቁጥር ቱታ በ9 ሴንቲ ሜትር ይበልጠዋል። እጅጌ ይታጠፋል፤ አንገት አይታጠፍም፣ ዝግ እግርም አይታጠፍም። እግሩ ከቱታው መርገጫ ወጥቶ ጭኑ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ባዶው እግር ይጠመዘዛል። ሦስት 50 መያዝ ብክነት አይደለም። አሥር መያዝ ነው ብክነት።

በኩር_ጠባቂ

በጣም አመሰግናለሁ፤ 3ኤሞቹን "ለኋላ" ብዬ ለይቻቸው ነበር፣ መልሻቸዋለሁ። ሦስት ነገር ልጨምር። ቀን ቀን የጨርቅ ዳይፐር ነው የምንጠቀመው፤ ቁጥሩን ይቀይረዋል? ቁመቱንስ ቤት ውስጥ በትክክል መለካት ይቻላል? ሦስተኛ፣ በኢንተርኔት ሳዝዝ ሌብሉ ከማይታመን ምኑን ልይ?

መርፌና_ክር

ከመጨረሻው ልጀምር። በኢንተርኔት ስትገዢ "የልብሱ ልኬት" የሚል ሰንጠረዥ ፈልጊ፤ የልጁ ቁመት ሌላ፣ የልብሱ ልኬት ሌላ ነው። ለቦዲ ዋናው ልኬት ከአንገቱ አጠገብ ካለው የትከሻ ጫፍ እስከ ታችኛው ቁልፍ ያለው ርዝመት ነው። ቤት ውስጥ ልክ የሆነውን አንድ ቦዲ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ፣ ሳትስቢው፣ በእጅሽ አስተካክለሽ በዚሁ መስመር ለኪው። አዲሱ ከሱ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ አንድ ቁጥር ከፍ ማለት ነው። ለሙሉ ቱታ ደግሞ ከትከሻ እስከ ተረከዝ ለኪ። ወርዱ ብዙም አያስጨንቅሽ፤ የአራስ ልጅ ልብስ ብዙውን ጊዜ በርዝመት ነው የሚያልቀው።

ልጅን መለካት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ለስላሳ ፍራሽ ላይ አይሆንም፤ ጠንካራ ነገር ላይ፣ ጣሪያ እንዲያይ በጀርባው አስተኙት። አንዱ ራሱን ከግድግዳ ወይም ከቆመ ወፍራም መጽሐፍ ጋር አስነክቶ ይያዝ። ሌላው ጉልበቱን በመዳፉ በቀስታ ዘርግቶ፣ መርገጫው ቀጥ ብሎ ሲቆም ተረከዙ ሥር ሌላ መጽሐፍ ያቁም። ልጁን አንሱትና በሁለቱ መጽሐፎች መሐል ያለውን ለኩ። ሜትሩን ልጁ ላይ ዘርግቶ በሆዱ ጉብታ ላይ መለካት ቁጥሩን ያሳድገዋል። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄም 1 ሴንቲ ሜትር ወዲህ ወዲያ ይላል፤ ስለዚህ 55.5 ከወጣ "ገና 56 አልሞላም" ብለሽ አትከራከሪ፣ 62ቱን አውጪ።

የጨርቅ ዳይፐር፣ አዎ፣ ይቀይረዋል። ለቦዲና ለሙሉ ቱታ ብቻ። ከመቀመጫው በታች የሚያብጠው ጨርቅ ርዝመቱን ይበላዋል፤ 56 የሚበቃው ልጅ በጨርቅ ዳይፐር 62 ሊፈልግ ይችላል፣ በተለይ ሁለት ድርብ ስታደርጊ። አንገቱ ግን አላደገም! እዚህ ላይ ነው ነርሷ ያለችው አደጋ የሚመጣው። ከመቀመጫ ሰፋ ተደርጎ የተሰፋ ልብስ ካገኘሽ እሱን ውሰጂ፤ ካልሆነ ከቦዲው ቁልፎች ላይ የሚጨመር ማራዘሚያ ቁራጭ አለ፣ በአንድ ወገን ወንድ ቁልፍ በሌላው ሴት ቁልፍ ያለው፣ ርዝመቱን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ያስረዝማል። የቁልፎቹ ስፋትና ቁጥር ከቦዲው ጋር ካልገጠመ አይሠራም፤ አብዛኛው ቦዲ ሦስት ቁልፍ አለው፣ የአንዳንዱ ሁለት ነው። ሌላው መፍትሔ ቀን ቀን ሁለት ቁራጭ ማልበስ ነው፤ አጭር ከላይ፣ ላስቲክ ሱሪ ከታች። ያኔ ዳይፐሩ ምንም ቢያብጥ የሚጎትተው ነገር የለም።

ስለ አንገት ደግሞ አንድ ነገር። የአራስ ልጅ ራስ ከደረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበልጣል፤ ሲወለድ ራሱ በአማካይ 34 ወይም 34.5 ነው። ስለዚህ ልብሱ የሚጠበው ደረቱ ላይ ሳይሆን ራሱን ሲያልፍ ነው። በራስ የሚለበስ ነገር ስትገዢ አንገቱን በሁለት እጅ ለጥጪው፤ ያለ ብዙ ጉልበት ከፍቶ መመለስ አለበት። ለጥጠሽው ተዝረክርኮ ከቀረ ጥሩ ሹራብ ሥራ አይደለም። ትከሻው ላይ እንደ ፖስታ የሚደራረበው ዓይነት ይህንን ታስቦ የተሠራ ነው። ጥቅሙ ሲለብስ ብቻ አይደለም፤ ዳይፐሩ ከጀርባ ሲያፈስ መደራረቢያውን በሁለቱም ትከሻ ከፍተሽ ልብሱን ወደ ታች፣ በእግሩ በኩል ታወጪዋለሽ፤ ቆሻሻው ፊቱን አይነካም።

ማጠብ። መቶ በመቶ ጥጥ ሹራብ በመጀመሪያው እጥበት 5 በመቶ ያህል ቢሰበሰብ ብርቅ አይደለም፣ ርዝመቱ ላይ ከወርዱ ይበልጣል። 38 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቦዲ ላይ ያ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይኸውም የቁጥር ልዩነቱ ትልቁ ክፍል። ስለዚህ ለካሁ የሚለው ሰው ካጠበ በኋላ ይለካ። ፈላ ውሃና ጋለ ማድረቂያ ባይነኩት 56ቱ 56 ሆኖ ይቆያል።

ዚፕና ቁልፍን አልጠየቅሽም፤ ግን ከቁጥር ጋር ይገናኛል። ሹራብ ይለጠጣል፣ ዚፕ አይለጠጥም። ስለዚህ በዚፕ የሚዘጋ ቱታ በዚያው ቁጥር ካለው ባለ ቁልፍ ቀድሞ ያጥራል፤ ምልክቱም ዚፑ ሆዱ ላይ እንደ ቅስት መነሣቱ ነው። ዚፕ የምትመርጪ ከሆነ ከላይም ከታችም የሚከፈተውን፣ ጫፉ ላይ አገጩን የሚከልል ጨርቅ ያለውን ውሰጂ።

ቀድሞ_ለመጣ

ጥያቄው በጊዜው ስለሚወለድ ልጅ ቢሆንም 36ኛ ሳምንት ስለሆነች ይህም ይታወቅ። ከ50 በታች ቁጥር አለ፤ 44፣ 38፣ እስከ 32 ድረስ። ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ የሚወለድ ልጅ ብዙውን ጊዜ 44 ነው የሚለብሰው። አስቀድሞ መግዛት ግን አልመክርም። በጨቅላ ክፍል ከቆየ የሚለብሰውን ክፍሉ ይነግርሻል፤ ቱቦና የልብ ምት መከታተያ ገመድ ካለበት በራስ የሚለበስ ነገር አይሆንም፤ ከላይ እስከ ታች ከፊት የሚከፈት መሆን አለበት፤ በዚፕ ሳይሆን ገመዱ በቁልፎቹ መሐል እንዲወጣ በቁልፍ። እናቱ ደረት ላይ በገላ ታቅፎ የሚውል ልጅ ደግሞ የሚያስፈልገው ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ነው፤ ትንሽ ቱታ መግዛት ሊቀድም የሚገባው ነገር አይደለም።

የዕድገት ቁጥሮቹንም ለእነዚህ ልጆች እንዳሉ አትውሰጂ። በ8 ወሩ የተወለደ ልጅ ከተወለደ አንድ ወር ሲሞላው ገና እንደ አዲስ አራስ ነው የሚለካው፤ "0–3 ወር" ለእሱ እስከ አራትና አምስት ወሩ ሊሄድ ይችላል።

ነርስ_ጨቅላ_ክፍል

የመኝታ ከረጢት የገዛሽ እንደሆነ እሱ በወር ፈጽሞ አይገዛም። ከአንገቱ እስከ ተረከዙ ለኪና 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሪ፣ እግሩን እንዲያንቀሳቅስበት። ዋናው ግን ከላይ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ ራሱ በአንገቱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ማለፍ የለበትም፣ የክንዱ ቀዳዳም ክንዱን ብቻ ያሳልፍ። "አንድ ዓመት ይገለገልበታል" ተብሎ 90 ሴንቲ ሜትር ከረጢት ለአራስ ልጅ ማልበስ አይቻልም፤ ውስጡ ይሰምጣል። ብዙዎቹ አምራቾች ትንሹ ክብደት ስንት እንደሆነ ከረጢቱ ላይ ይጽፋሉ፤ ልጁ እዚያ ካልደረሰ ይጠብቅ። በጨርቅ የምትጠቀልዪው ከሆነ ደግሞ ደረቱ ላይ ጠበቅ፣ ዳሌው ላይ ላላ ይበል፤ ጉልበቱን አጥፎ ወደ ጎን መክፈት ካልቻለ ለዳሌው መገጣጠሚያ ጥሩ አይደለም። መገልበጥ ሲጀማምር መጠቅለል ይቆማል።

ኮፍያ በራስ ዙሪያ ነው። 34 ወይም 36 የሚለው ለመጀመሪያው ወር ይበቃል፤ በሦስት ወር ውስጥ ራሱ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ብዙ አትግዢ፣ ሁለት ይበቃል። ግንባሩ ላይ መስመር ካሳረፈ ጠቧል፣ ቅንድቡን አልፎ ከወረደ ሰፍቷል። ቤት ውስጥ ሲተኛ ይወልቃል፤ ሕፃን ሙቀቱን በብዛት የሚያስወጣው በራሱ ነው፣ ተንሸራቶም ፊቱን ሊሸፍን ይችላል። በስጦታ ከመጡት ውስጥ አንገቱ ወይም ቆቡ ላይ ማሰሪያ ገመድ ያለው ካለ ገመዱን መዘሽ አውጪው። የአውሮፓው ደንብ ከ7 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ልብስ ላይ በዚያ ቦታ ገመድ አይፈቅድም፣ አሮጌና በእጅ የተሠራ ልብስ ላይ ግን አሁንም ይገኛል።

መርፌና_ክር

ካልሲና የእጅ ሹራብ ላይ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ገልብጡና ውስጡን እዩ። ባለ ሥዕል ካልሲ ከውስጥ ከቀለም ወደ ቀለም የሚሻገር የተንጠለጠለ ክር ይኖረዋል፤ የወላለቀ ክር ወይም ረጅም የእናት ፀጉር በእግር ጣት ዙሪያ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል። ልጁ ያለምክንያት የሚያለቅስ ከመሰለ ካልሲውን አውልቆ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማየት ከዚህ የተነሣ ነው። ክሩን በመቀስ አሳጥሩ፣ አትጎትቱ፤ ሲጎተት ሌላውንም ይፈታዋል። ላስቲኩን ደግሞ በሁለት ጣት ክፈቱት። እንደ አውራ ጣት ወፍራም በሆነ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚጠብ ካልሲ ከመጀመሪያው የተሳሳተ ነው፤ ዝግ እግር ያለው ቱታ ለለበሰ ልጅ ካልሲ ብዙም አያስፈልገውም።